ቅራሪ የጠጣችው መኪና

የልጅ ልጆቼ በወጣትነቴ መኪና እነዳ እንደነበር ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ። ያኔም ይሳቅብኝ ነበር። ቢቸና ገበያ መሐል ሳልፍ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ዕቃ እንደሚፈልግ አንገቱን ደፍቶ ቁልቁል ነበር የሚያየኝ። መኪናዋ እንዲያ ዝቅ ያለች ነበረች። በሯ ሁለት፣ አፍንጫዋ ረጅም። ቀለሟ አንድ ጊዜ ቀይ ነበር አሉ፤ እኔ ጋ ስትደርስ ግን ፀሐይ ላይ የተረሳ በርበሬ መስላ ነበር።

ባለቤቴ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው። አለቃው የነበረው አሜሪካዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናዋን የሚወስድለት አጣ። በጤናው የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለጎጃም ጭቃ ይገዛል? ለባለቤቴ ትቶለት ሄደ።

«አገሯ ላይ ጎረምሶች ለሩጫ የሚነዷት ናት» አለኝ ባለቤቴ፣ ኮፈኗን እያሻሸ።

እኔ በነጋታው ገብስ ጭኜባት ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

እሱ በሥራ መኪና ስለሚውል እሷ ለእኔ ቀረች። መንዳቱንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል ግን አባቴ ሲመሽ ከጉልበቱ ሥር አስቀምጦ አስቆጥሮኝ ነበርና የመንጃ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ስሜን በእጄ ጻፍኩ። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲያ እህል፣ ቅቤ፣ ዶሮ፣ ምጥ የያዛት ጎረቤት፣ ሁሉም በእሷ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ስለምታስቸግር ሁልጊዜ አፏን ወደ ቁልቁለት አድርጌ አቆማታለሁ፤ ፍሬኑን ስለቀው እየተንሸራተተች ትነሳለች። ክፉ ሰው ካላስከፋት እንደዚያ ያለ ታዛዥ የለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ፣ ይሄን ሌላ ቀን አወራዋለሁ፣ አሁን የሞጣውን ልጨርስ።

እናቴ የሞጣ ሰው ናት። እዚያ የማርያም ማኅበር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ጽዋ ጠጥታለች። ስታርፍ ቦታዋ ለእኔ ወረደ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ በዚህ ደስ አላላቸውም። ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ሆኜ ጽዋውን የተረከብኩ ቀን በሰው ፊት እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ጠላው ተረኛዋ በገዛ ቤቷ በገዛ እጇ የጠመቀችው መሆን አለበት፤ ሕጋችን ነው። ከቢቸና ጠላ ተሸክመሽ ሞጣ ልትደርሺ ነው?»

«እደርሳለሁ አያ ሙሴ።»

«በዚያች መሬት ለመሬት በምትሳበው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ቄሱ ለጸሎት ከመቆማቸው በፊት ጽዋው ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» አሉ።

የእናቴ ቦታ ነው። ከእናቴ የቀረኝ አንድ እሱና ቤቷ ነበር። ቤቷን አክስቴ ትጠብቀዋለች፤ ድግሱም እዚያው ነው፤ ቦታዋን ግን ከእኔ በቀር የሚጠብቀው አልነበረም።

አክስቴ ለጥመቃው ልታግዘኝ ቢቸና መጣች። ጠላው እንደ ማር ጠራ። የመኪናዋ የኋላ ወንበር ለሰው እግር አይበቃም፤ ለሁለት እንስራ ግን የተለካ ነው የሚመስለው። ጭድ ጎዘጎዝን፣ በጠፍር አሰርን፣ ዳቦውን በኮባ ጠቅልለን ከኋላ አስገባን። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና አክስቴ ጭኗ ላይ አቀፈችው። ጎህ ሲቀድ ቁልቁለቷን ለቀቅኳት፤ ተነሳች።

በጥር መንገዱ ደረቅ ነው። ድንጋይ ባየሁ ቁጥር አክስቴ «ማርያም ማርያም» ትላለች፤ እኔ መሪውን አዞራለሁ፤ የመኪናዋ ሆድ ጭረት ጭረት ይላል፤ እናልፋለን። ግንደወይንን አልፈን አንዱን ትልቅ ዳገት ልንጨርስ ስንል ግን ከኮፈኗ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። አቆምኳት።

«ተቃጠልን?» አለች አክስቴ፣ ጽዋውን ይዛ ለመውረድ እየታገለች።

«ጠምቷት ነው እትዬ። ከኋላ ያለውን ጀሪካን አቀብይኝ፤ የራሷን ውኃ።»

አክስቴ የጽዋውን ጨርቅ ማስተካከል ጀመረች። እሷ እንዲህ ስታደርግ ነገር አለ።

«እሱንማ ደፋሁት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዝገት ዝገት ሸተተኛ! እኔ ምን ላውቅ፣ አጥቤ ለመንገዳችን ቅራሪ ሞላሁበት። ባዶ ውኃ ይዞ ማኅበር ይኬዳል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

ልቆጣት አሰብኩ፤ አልቻልኩም። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው። ውኃ ይዛ ለድግስ የምትወጣ ሴት በእኛ ዘር የለችም።

ወንዙ ከታች፣ ከወጣነው ዳገት እግር ሥር ነው። ወርዶ እስኪወጣ ቅዳሴ አልቆ ቄሱ ቤት ይገባሉ። ፀሐይዋን አየሁ። እንስራዎቹን አየሁ፤ እነሱ የማኅበሩ ናቸው፤ አይነኩም። ከዚያ ጀሪካኑን አየሁ።

አክስቴ ዓይኔን ተከትላ አየችኝ። «አይደረግም! ለማርያም ቀን የተጠመቀውን ለብረት?»

«ጠላው ነው የማርያም። ቅራሪው የእኔና የአንቺ ነው። ዛሬ እኛ ይጠማን፣ እሷ ትጠጣ።»

ባለቤቴ የነገረኝን አልረሳሁም፤ የፈላ ድስት ክዳን ፊት አስጠግተው አይከፍቱም። በረድ እስክትል ጠበቅኩ። መጠበቁ ነው ከሁሉ የከበደኝ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩ፤ የነጠላዬን ጫፍ ማጥለያ አደረግኩ። ሞተሯን አስነሳሁ፤ አክስቴ እያጉረመረመች በቀጭኑ አንቆረቆረች። ጉሽ የመሰለ አረፋ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አረፋውን ጠርገን ደግመን ጨመርን። ጀሪካኑ ሲያልቅ አክስቴ የመጨረሻዋን ጠብታ አራግፋ «እንግዲህ ሰክረሽ ገደል እንዳትከቺን» አለቻት።

ሄደች! እየተነፈሰች፣ ጌሾ ጌሾ እየሸተተች፣ እያንዳንዱን ዳገት ጨረሰች። እኔ በጥርሴ ከንፈሬን ነክሼ፣ አክስቴ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ሞጣ ገባን። ገበያ ዳር የተቀመጡት ሴቶች አፍንጫቸውን አነሱ።

«ኧረ ጠላ ቤት በጎማ መጣ!» አለች አንዷ።

የእናቴ ደጅ ስደርስ ሙሴው በር ላይ ቆመው ፀሐይ ይለካሉ። ቄሱ ከውስጥ መስቀላቸውን ይዘው እየተነሱ ነው። ጽዋውን ከአክስቴ ጭን ነጥቄ፣ ከዚያች ዝቅተኛ በር እየተጎተትኩ ወጣሁና ሮጥኩ። ቄሱ «በስመ አብ» ሳይሉ ጽዋው ከመሶቡ አጠገብ ቆመ።

ሙሴው ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። «ጠላው ፈሷል» አሉ። ድምፃቸው ሐዘን አልነበረበትም።

«ጠብታ አልፈሰሰም አያ ሙሴ።»

«ታዲያ ይህ ሽታ?»

«መኪናዋ ናት የጠጣችው» አለች አክስቴ ከኋላዬ፣ ወገቧን ይዛ። «እኛማ ከንጋት ጀምሮ ምላሳችን ደርቋል!»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እንስራዎቹ ገቡ፤ ተከፈቱ፤ ጽዋው ተሞላ። ሙሴው ቀመሱ። ሁሉም አፋቸውን ያያል። ደግመው ቀመሱ።

«የእናትሽ እጅ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኔም ሌላ አልፈለግኩም።

ደስታዬ ግን በዚያ አላበቃም። የሚቀጥለው ተረኛ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ይላል፤ ጽዋውን ይዘው መሄድ አለባቸው። የሞጣ ውኃ እስኪጠግብ ራዲያተሩን ሞላሁና በሩን ከፈትኩላቸው።

«አያ ሙሴ፣ ላድርስዎ?»

ሰው ሁሉ «ይግቡ! ይግቡ!» አለ። እሳቸው መኪናዋን ዞረው አዩ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ጎንበስ፣ እንደገና ጎንበስ፣ ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ነካ። ጽዋውን ደረታቸው ላይ አቀፉ።

«ልጄ፣ ይህችማ መሬት ልታሳልመኝ ነው» አሉ።

«ይለምዱታል።»

ቁልቁለቱን ስለቃት ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሴው አንድ እጃቸውን ከጽዋው አንስተው በሩን ጨበጡ። ትንሽ ሄደን «የወሩን ቀን እንዳትረሺ፤ ቦታሽ ባዶ እንዳይሆን» አሉኝ።

ቦታሽ አሉ። ጥሩምባዋን ሁለት ጊዜ ነፋሁ።