ነክቼ የማላውቀውን ስልክ ሳስተምር

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው። ያን ቀን ረፋድ ላይ ደብረ ወርቅ አካባቢ ካለ የቅኔ ትምህርት ቤት ግቢ ቆሜ ላቤ ይንቆረቆራል... ከፀሐዩ አይደለም። የማስተምረውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በእጄ ነክቼው ስለማላውቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርበኞቹ ሉማሜ መንገድ ላይ ከጠላት ሁለት የጦር ሜዳ ስልክና አንድ ጥቅል ሽቦ ማርከው መጡ። የጎበዝ አለቃችን አንዱን ኮረብታው ላይ፣ ሌላውን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሊያስቀምጥ አሰበ። ወታደር ሲመጣ ከላይ ያየ ለታች ይናገራል፤ ሕዝቡም ይሸሻል። ዘብ የሚቆሙት ትልልቆቹ ደቀ መዛሙርት ናቸው። እነሱን የሚያሠለጥኑት መምህሮቻቸው... መምህሮቹን የማሠለጥነው ደግሞ እኔ። አዲስ አበባ አስኳላ ተምሬያለሁና!

መማሬስ እውነት ነው። ስለ ኤሌክትሪክም ተምሬያለሁ። ግን ፈረንጁ አስተማሪያችን ዕቃውን ራሱ ገጥሞ፣ ራሱ አስጩሆ፣ ራሱ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር የሚወጣው። እኛ ሥዕሉን በደብተር ገልብጠን እንሸመድዳለን። ይህን ለጎበዝ አለቃ ማን ደፍሮ ይናገራል? «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

ተማሪዎቼ ሁለት ናቸው። አንዱ የኔታ ብዙነህ፣ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር። ሌላው መሪጌታ ደሴ፣ የዜማ መምህር፣ ቁጡ ሰው። ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ በእንጨት እየሣልኩ ለፈለፍኩላቸው። ለየኔታ ሥዕሉ ምን እንደሚያደርግላቸው እንኳ አላሰብኩም።

«መቼ ነው የምንነካው?» ይላል መሪጌታ።

«ነገ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን መልእክተኛ እያለከለከ መጣ። ወታደርና ባንዳ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደኛ አቅጣጫ ዞሯል። ስልኩ ዛሬውኑ ይሥራ!

መሪጌታ አንዱን ስልክ ተሸክሞ ከሁለት ደቀ መዛሙርት ጋር ሽቦውን እየዘረጋ፣ ከግቢው በታች ያለውን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ኮረብታው ወጣ። ወዲያው አውሮፕላን ከራሳችን በላይ አገሳ። ሁላችንም አጥር ሥር ተወሸቅን፤ ከወንዙ ማዶ ይግጡ የነበሩት በቅሎዎች ደንብረው ሽቦውን እየረገጡ ፈረጠጡ።

አውሮፕላኑ ሲርቅ በሽምደዳዬ መሠረት ሽቦውን ገጠምኩ። እጀታውን አዞርኩ... ጭጭ። ደግሜ አዞርኩ... ጭጭ። መሪጌታ ከኮረብታው ነጠላውን እያውለበለበ «የለም!» ይለኛል። ስልኩ ነው የተበላሸው? ሽቦው ነው? ወይስ እኔ? የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ዓይኔ ወደ ሉማሜ መንገድ፣ እጄ ወደ እጀታው፣ እንደገና ወደ መንገዱ...

«ልጄ፣ ለምን ደጋግመህ ታዞረዋለህ?» አሉኝ የኔታ። የእጀታው መንገጫገጭ ተሰምቷቸዋል።

ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። «የኔታ... እኔ ይህን ነገር ነክቼው አላውቅም። ስማር ያየሁት ከሩቅ ነው።»

ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው፣ «ቅኔም ሳይዘርፉት አይታወቅም። ይኸ ደግሞ ተዘርፎ የመጣ ነው! በል ጫፉን አስይዘኝ» አሉ።

ሽቦውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው፣ ክንድ በክንድ እየዳሰሱ መንገድ ጀመሩ። እኔ ክርናቸውን ይዤ እሾሁንና ድንጋዩን እያሳለፍኩ እመራቸዋለሁ። ቸኮልኩ። «የኔታ፣ ፈጠን ብንል...» ስል «ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው» አሉኝ።

ከወንዙ ማዶ፣ በቅሎዎቹ የረገጡት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ሽቦውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት።

«እዚህ ጋ ላላ ብሏል። ሰሙ ደኅና ነው፣ ወርቁ ተበጥሷል።»

አየሁት፤ ላዩ ምንም የለበትም። ልባሱን በቢላ ስልጠው ግን ውስጡ ለሁለት ተበጥሷል። ሁለቱን ጫፎች በጣቶቼ ጠመዘዝኳቸው... በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ እየሮጥኩ ተመለስኩና እጀታውን አዞርኩ።

ስልኩ መለሰልኝ! ሙሉ ግቢው እስኪሰማ ጮኸ። ተከትሎ መሪጌታ፣ «እየሰማሁህ ነው! እየሰማሁህ ነው!» እያለ ሲጮህ ያለ ስልኩም ይሰማ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደገና ተደወለ። አሁን መሪጌታ አልጮኸም። በዝግታ «መጡ። ብዙ ናቸው። ወንዙን ሊሻገሩ ነው» አለኝ።

ሰዉም ከብቱም ወደ ገደሉ ወረደ። ታመው የተኙትን በቃሬዛ አወረድናቸው። መሪጌታም ከልጆቹ ጋር ስልኩን ተሸክሞ በሌላ መሻገሪያ ደረሰብን። ወታደሮቹ ሲደርሱ ያገኙት ባዶ ቤት ነው። እሱንም አቃጠሉት። ገደሉ ውስጥ ሆነን ጭሱን እያየን ሰው ቆጠርን፤ ማንም አልጎደለም። አንዲት ሴትዮ ቤቷ ሲነድ እያየች ትስቅና ታለቅስ ነበር... እኔም ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ከወር በኋላ ከመርጡለ ማርያም በኩል አራት መምህራን ሊሠለጥኑ መጡ። ያን ጊዜ አሠልጣኙ የኔታ ነበሩ። ስልኩን ፈታትተው ብሎኑን ሁሉ በእንቅብ አቀረቡላቸውና «ግጠሙት» አሉ። መሪጌታ ጀርባቸው ላይ ቆሞ ይቆጣል። እኔ ደግሞ ከመርጡለ ማርያሞቹ ጎን ቁጭ ብዬ እገጥማለሁ።

ይኸው ሸምግዬም ቤቴ ስልክ ሲደወል፣ «አቤት» ከማለቴ በፊት ልጆቼን መቁጠር ይቀናኛል።