በረፋድ የተዘጉ በሮች

ድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ሲዘጋ ማንም አይደነግጥም፤ የጫት ሰዓት ነው። እኔ ግን የብረት በር ሲወርድ ዛሬም እደነግጣለሁ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን የቀፊራ ገበያ በሮች በረፋድ ይዘጉ ጀመር። እናቴ እኔን የምትሸጥበት መደብ ላይ ትታ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ዱላ የያዙ ጎረምሶች ሱቅ እየሰበሩ ሲመጡ፣ ከጎናችን ቅመም የምትሸጠው አዴ መኪያ ሻርፗን አውልቃ ጠመጠመችልኝ፤ የአንገቴን ማተብም ከሥሩ ደበቀችው።

«ስምሽን ከጠየቁሽ ሐዋ በይ። ዛሬ የኔ ልጅ ነሽ።»

«ለምን?»

«አቦ፣ ዝም በይ።» ሻርፑ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ማስነጠሴን እንደምንም ዋጥኩት።

አንዱ ጎንበስ ብሎ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ አየኝና አለፈ።

ዛሬም በሮቹ ሲወርዱ፣ ከገዛ ስሜ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ሐዋ ነው።