አዲስ ነዎት ወይስ ነባር

ልጅቷ ቤቴ የመጣችው የማያውቅ ሰው ፈልጋ ነው። እንደዚያው ብላ በግልጽ ነገረችኝ። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ በላይ ያለውን ክፍል አንድ የሴቶች ማኅበር ተከራይቶ አምስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አስገብቶበታል። እሷ ማሽኖቹን እንድታሰናዳ ተቀጥራለች። የጫነችባቸው ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ለአሮጌ ማሽንም አይከብድም አለችኝ። የቀራት ለጀማሪዎች የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚቀመጡላቸው መምረጥ ነው፤ በምን እንደሚጽፉ፣ ፎቶ በምን እንደሚያዩ። እሷ ሁሉንም ስለለመደችው የትኛው እንደሚያስቸግር አይታያትም።

ወደ እኔ የላከቻት አቦከር በሚባለው ሰፈራችን አጠገቤ የምትኖር ጎረቤቴ ናት፤ ዕድሜዋን ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች። «ጽሕፈት ታውቃለች፣ ኮምፒውተር ግን እንቢ ብሏታል» ብላታለች። እውነቷን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። እጄ ፈጣን ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጡን። በሳምንቱ የኃላፊውን ረጅም ደብዳቤ ጽፌ ስዘጋው ጠፋ። እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና ጠፋ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። መዝገብ ቤት ሰው ያስፈልጋል ተባለና ወደዚያ ተዛወርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ፋይል ሳወጣና ስመልስ ቆየሁ። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። እሺ ያልኳት ግን በዚህ ምክንያት ነው። በማሽን የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ ሳይጠፋ ማየት እፈልግ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጎረቤቴም ልይ ብላ አብራኝ መጣች። እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ በባጃጅ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር ሄድን። የክፍሉ ደረጃ ጠባብ ነው። የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ወለሉን አልፎ ይሰማል።

ልጅቷ ወንበር ሳበችልኝና ደብተር ይዛ ከኋላዬ ተቀመጠች። እንደማታስተምረኝ፣ እጄ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ እንደምትጽፍ ነገረችኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ደብዳቤ አለ፤ የእኔ ሥራ እሱን ከፍቶ፣ ጥቂት መስመር ጨምሮ፣ አስቀምጦ መዝጋት ነው።

«ቢበላሽ ጥፋቱ የኔ ነው እማማ፣ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር መሥሪያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ደብዳቤውን ሁለቴ ስጫነው፣ በምን ልክፈተው ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን መጣ። ጽሑፉ አማርኛ በመሆኑ ደስ አለኝ። ከላይ «ነባር» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ፕሮግራም አለ። ዝቅ ብሎ «ሌሎች» ይላል፤ ከሥሩ ብዙ ተደርድሯል። ጥቂት አሰብኩና ከሌሎቹ አንዱን ነካሁ።

ገጹን የማይነበብ ምልክት ሞላው። አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረበትም። እጆቼን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኳቸው። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁና ቤት ሥራ እንዳለብኝ ተናገርኩ። ሥራ አልነበረብኝም።

ልጅቷ መጀመሪያ ደብዳቤው እንዳለ መሆኑን አሳየችኝ። የተሳሳተው የተከፈተበት ፕሮግራም ብቻ ነው። ቀጥላ፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ የላይኛውን ለምን ዘለሉት?» አለችኝ።

«ነባር ይላል። እኔ ደግሞ አዲስ ነኝ።»

ጎረቤቴ ሳቀችብኝ። «ሰባ ዓመት ሐረር ተቀምጠሽ ዛሬ አዲስ ሆንሽ?»

ልጅቷ አልሳቀችም፤ እርሳሷን ይዛ ጠበቀችኝ። ስለዚህ አስረዳኋት። ለጤና መድን ቀበሌ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠየቀው አዲስ ነዎት ወይስ ነባር ተብለን ነው። ነባሮቹ በአንድ ወገን ያሳድሳሉ፤ አዲሶቹ በሌላ ወገን ይመዘገባሉ። ያለቦታው የተሰለፈ ሰው ተመልሶ ከኋላ ይቆማል። የላይኛውም ከእኛ በፊት ለተመዘገቡት የተተወ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ወደ ጎረቤቴ ዞራ እርስዎም ይሞክሩ አለቻት። ጎረቤቴ ቢስሚላህ ብላ ተቀመጠች፤ ሳታመነታም ጣቷን «ሌሎች» ላይ ወሰደች። ለምን ስትባል፣ «በሰው ወንበር አልቀመጥም» አለች። አሁን የምስቀው እኔ ሆንኩ።

«ነባር» የሚለው ቃል እዚያ ላይ አስቀድሞ የተመረጠ፣ ማንም ሳይነካው የሚሠራ ማለት ኖሯል። ልጅቷ ለዓመታት ስታየው ሌላ ሊመስል እንደሚችል አስባ አታውቅም። ደብተሯንም አሳየችኝ፤ ሴቶቹ የወደዱትን ይምረጡ ብላ ለመጻፊያ ብቻ ሦስት ፕሮግራም አስቀምጣ ነበር። አሁን አንድ ብቻ እንዲሆን፣ ደብዳቤም ሲጫኑት ምንም ሳይጠይቅ በእሱ እንዲከፈት ቆረጠች። የትኛው ይሁን የሚለውን ግን ለእኔ ተወችው።

ሦስቱንም ሞከርኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አላጣደፈችኝም። አንደኛው ገና ሳይጻፍበት ብዙ ይጠይቃል። ሁለተኛው ያምራል፤ ነገር ግን ሁሉም በሥዕል ነው። የማስቀመጫው ሥዕል ምን እንደሆነ አላወቅኩትም፤ ጎረቤቴ ቁም ሳጥን ነው አለች። ሦስተኛው መልኩ ተራ ነው፤ ግን «አስቀምጥ» ብሎ በፊደል ጽፎታል። ሳላስቀምጥ ልዘጋው ስልም ቆም አድርጎ፣ የጻፍኩት ይቀመጥ እንደሆነ በአማርኛ ጠየቀኝ። ያኔ መሥሪያ ቤት ያለውም ማሽን በእንግሊዝኛ ይጠይቀኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሰው እንዳያየኝ እየቸኮልኩ፣ ጥያቄውን ሳላነብ፣ አይሆንም እያልኩ እዘጋ ነበር።

በሦስተኛው ላይ ክፍሉ መከፈቱን የሚነግር ማስታወቂያ ጻፍኩ። እያንዳንዱን ፊደል እየፈለግኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። አስቀምጬ ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። «ነገ ያገኙታል፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ ልጅቷ። ሌሊቱን ሳስበው እንዳደርኩ አልደብቅም።

በማግስቱ ብቻዬን መጣሁ። ሁለቴ ስጫነው ተከፈተ። መስመሩ ሁሉ እንዳለ ነው፤ አራተኛው መስመር ላይ የሳትኩት ፊደል እንኳ አልጠፋም። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ስሕተቱን አረምኩ።

«ለሚመጡት ሴቶችም ይኼኛው ይሁን?» አለችኝ።

«ይሁን» አልኳት። በጽሕፈት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የትኛው ይሻልሻል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እግዜር ይስጥሽ ልጄ አልኳት። ለምን እንደሆነ ሙሉውን አታውቅም።

እሷ ከማሽን ወደ ማሽን እየሄደች ማስታወቂያዬን ስታስገባና ምርጫውን ስታስተካክል ተከተልኳት። በጨረሰችበት ሁሉ እየተቀመጥኩ ማስታወቂያውን ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫንኩት። በአምስቱም ላይ ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ።