ፈንቴ ያወረደችው ሙሾ

ፈንቴን መጀመሪያ ያየኋት ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ሳልባጅ ስትሸጥ ነው። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም ነበር። ገዢ ዋጋ ሲያወርድባት የሰውየውን አፍና አንገት ሳይቀር አስመስላ ትመልስለት ነበርና፣ ገበያተኛው ጨርቁን ትቶ እሷን ለማየት ይቆማል። ወደ ኪነት ቡድናችን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ዛሬ ይኸን ሳስብ ይቆጨኛል።

እኔ ውቤ እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ በቲያትር ሽማግሌ ሆኜ እሠራለሁ። አሠራሬ የጥንት ነው። ገበያ ወርጄ አንድ ሽማግሌ እመርጥና ሳምንቱን ሙሉ እከተለዋለሁ፤ አካሄዱን፣ ሳሉን፣ ዱላ አያያዙን እወስዳለሁ። ልቤን ግን ቤት አስቀምጬ ነው የምመጣው። አዘጋጃችን ተስፋነህ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በዚህ ይስቅብኛል። «ጋሽ ውቤ፣ ይኼ ማስመሰል ነው፤ ተዋናይ የሚጫወተውን ሰው መኖር አለበት» ይላል። የራሴ ኑሮ ያነሰኝ ይመስል!

በ2005 ዓ.ም. ያዘጋጀነው ተውኔት ልጇ በስደት ስለሞተባት እናት ነበር። እናቲቱ ፈንቴ ናት፤ የሟቹ ልጅ ስም ሞላ። ቀልዱ ሁሉ የሚያምርላት ልጅ ሙሾው ግን እምቢ አላት። ተስፋነህ ሦስት ጊዜ አስቆማትና «የምትወጂው ሰው ሞቷል ብለሽ አስቢ። ፊቱን እዪው። ከዚያ ጀምሪ» አላት።

ፈንቴ አንዱአምላክ የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ከወጣ ሦስት ወር ሆኖታል፤ አንድ ቀንም አልደወለም። የዚያን ዕለት ሙሾውን ስታወርደው ዱላዬ ከእጄ ወደቀ። ተስፋነህ አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ በቁሙ አለቀስኩበት። ሟርት አይሆንብኝም?»

«ተይው ልጄ። እንደኔ አካሄድ አካሄዱን ያዥ።»

«አሁንማ ሌላ መንገድ የለኝ። አፌን ስከፍት እሱ ነው የሚመጣብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምድ ከመግባቷ በፊት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትቆማለች። ደጁን ትስምና «ለቲያትር ነው፤ አትቁጠርብኝ» ትላለች። ስትለው በጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ እኔም ፈራሁ።

ተውኔቱ በሰኔ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታየ። እናቷ እማማ አሰፋሽ ከአንበሳሜ በሚኒባስ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፈንቴ ደረቷን እየመታች ጀመረች።

ከደጃፍ ቆሜ ባይ መንገዱ ረዘመ፣
አንዱዬ አንዱዬ ወዴት ላይ ደከመ።

«ሞላዬ» ማለት ነበረባት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እሷ ያለችውን አላወቀችውም። አጠገቧ ነበርኩና እኔ ሰማሁ። እማማ አሰፋሽም ሰሙ። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና «ወይኔ ልጄን!» አሉ። ሕዝቡ የተውኔቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

እኛ አገር ሞት በድንገት አይነገርም። ሰው ከሩቅ ሲሞት ዘመድ እያወቀ ይደብቃል፤ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ በማለዳ ደጅ እስኪያንኳኳ ድረስ «ደኅና ነው» ይባላል። ስለዚህ ፈንቴ እግራቸው ላይ ወድቃ «እማ፣ በሕይወት አለ፤ አፌ ነው የሳተ» ስትል፣ እሳቸው ፀጉሯን እየዳበሱ «አውቃለሁ ልጄ፤ ያባትሽም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያላችሁኝ» አሉ። በማልንላቸው ቁጥር ሞቱን ይበልጥ አመኑ። እውነቱን ለመናገር እኛም መጠራጠር ጀምረን ነበር። አራት ወር ሙሉ ማን አየው?

እማማ አሰፋሽ ወደ አንበሳሜ አልተመለሱም። በፈንቴ ኪራይ ቤት ፍራሽ አንጥፈው ለቅሶ ተቀመጡ፤ በሚመጣው እሑድ ለልጃቸው ፍታት ሊያስደርጉም ቀን ቆረጡ። ፈንቴ ፊቷ አመድ መስሎ እኔ ጋ መጣች።

«ጋሼ፣ በቁሙ ፍታት ከተደረገለት እንግዲህ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ጅልነቴን የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። አንዱአምላክ ገበያ ውስጥ እኅቱን ሲያግዝ አውቀዋለሁ። አጣድፎ መናገሩን፣ በየመሐሉ አፍንጫውን መሳቡን ሁለት ቀን ተለማመድኩ። ከዚያ ወደ ፈንቴ ስልክ ደወልኩ፤ እሷ ለእናቷ አቀበለች። «እማዬ፣ አለሁ፤ አትስጊ» አልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። በመጨረሻ «ውቤ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ደክመሃል» ብለው ዘጉት። የሠላሳ ዓመት ሙያዬ ለአንዲት እናት ጆሮ አልበቃም።

ዓርብ ጧት ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ተቀምጬ ሳለ የፈንቴ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። አንዱአምላክ ነበር! የመን ውስጥ ታስሮ ከርሞ ገና መፈታቱ ነው። ድምፁ ሻክሯል፣ ሳል ያቋርጠዋል። ፈንቴ ጮኸች፣ ሳቀች፣ መሬት ሳመች። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስልኩን በእናቷ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው።

«እማዬ! እማዬ፣ እኔ ነኝ!» ይላል።

እማማ አሰፋሽ አዩኝ።

«ዛሬ ደግሞ ማነው? ተስፋነህ ነው?»

«እማማ ይሙቱ፣ እሱ ራሱ ነው! እኔ ይኸው እፊትዎ ነኝ» አልኩ።

«አየሁ። ዛሬ ሌላ ሰው አምጥታችኋል።»

ፈንቴ ጉልበታቸውን አቅፋ ታለቅሳለች። እንባዋን አዩት፤ መድረክ ላይ ያዩት ያው እንባ ነው። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ልጄ፣ ማንም ሁን ማን፣ ከውቤ ትሻላለህ። እናት ካለችህ ግን ለሷ ደውል፤ አታስጨንቃት።»

አንዱአምላክ ከማዶ ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። እማማ አሰፋሽ ጥቂት አዳመጡና «ለቅሶውን ሳይቀር አስተምራችሁታል» ብለው ስልኩን ለፈንቴ መለሱላት።