ከእትዬ አስካለ ጋር በገመድ መኪና

ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እትዬ አስካለን በአሮጌዋ መኪናዬ በዳትሰኔ አሳፍሬ አሜሪካ ካለው ሠፈራችን ከፌርፋክስ ተነሣሁ። መድረሻችን ከፓልም ስፕሪንግስ ከተማ በላይ ያለው ተራራ ነው። እዚያ በወፍራም የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ገደሉን ሽቅብ የሚወጣ መኪና እንዳለ ከታክሲ ተሳፋሪዎቼ ሰምቼ ነበር። ለእትዬ አስካለ “እስቲ አንድ ቀን አየር ይቀይሩ” አልኳቸው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነበር። ታላቅ እህታቸው ጥሩወርቅ አዲስ አበባ ላይ ሞተዋል፤ እሳቸው ግን ገና አልተነገራቸውም።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ዳላስ ለሚኖረው ወንድማቸው ነው። እሱ ቅዳሜ ማታ በአውሮፕላን ይገባና እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ ያረዳቸዋል። እስከዚያ ምንም እንዳይሰሙ መጠበቅ አለባቸው። ፌርፋክስ ላይ ትንሽ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸውና የሠፈሩ ጉዳይ ሁሉ በእጃቸው የሚያልፈው ጋሼ መኮንን ዓርብ ሱቃቸው ጠርተው ሥራውን ለኔ ሰጡኝ።

“ታክሲ ነጂ አይደለህም? ወስደህ አዙራቸው። ሰው ሁሉ ቤታቸው እየደወለ ነው፤ አንዱ አፉ ያመልጠዋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት እንዳትመልሳቸው።”

“ከጠረጠሩስ?”

“አንተ ብቻ ፊትህን አታጥቁር። ዝም ብለህ ድራይቭ አድርግ።”

ሌላም ጭንቀት ነበረብን። እኔና እትዬ አስካለ የምንኖረው አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው። በጸደዩ ወራት ሦስተኛ ፎቅ ያለ ልጅ የአባቱን መርዶ ሲሰማ ሕንፃው በለቅሶ ተናወጠ። ጎረቤት ሰው ተገደለ ብሎ ደወለና አራት ፖሊሶች ባትሪ እያበሩ በሩ ላይ ቆሙ። በሳምንቱ የሕንፃው ማናጀር በየበራችን ሥር ደብዳቤ ሰደደ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከተደገመ የቤት ኪራይ ሊዛችን ይሰረዛል ይላል። ለእትዬ አስካለ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። “እዚህ አገር ለማልቀስም ፐርሚት ያስፈልጋል?” ብለው ስቀው ነበር።

እትዬ አስካለ ሃምሳን አልፈዋል። ጋርዴና በሚባል ሠፈር አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሙስሊም፤ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ናቸው። በረመዳን ግን ማፍጠሪያ ሾርባዬ የሚመጣው ከሳቸው ቤት ነው። እኚህን ሰው ቀኑን ሙሉ መዋሸት እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

በፍሪዌይ አሥር

ወትሮ መኪናዬ ውስጥ ሲገቡ “ቀስ በል፣ የጫንከው ሬሳ አይደለም” ሳይሉኝ ሁለት መንገድ አናልፍም። ዛሬ ዝም። ራዲዮ ብከፍት ዘጉት። ሳን በርናርዲኖ ስንደርስ ከቦርሳቸው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጡልኝ፤ ሚጥሚጣም በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። እኔ ሦስቱን እንቁላል ጠራረግኩ። እሳቸው “ጠዋት ቀማምሻለሁ” ብለው አልነኩትም።

ባኒንግ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ መንገዱ ዳር ፎቅ የሚያህል የሲሚንቶ አውሬ አንገቱን አስግጎ ቆሟል።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ዳይኖሰር ነው እትዬ። ድሮ ነበር፤ አልቋል።”

ዞር ብለው እስኪሰወር አዩት። “ያለቀውን ማቆም ለምን አስፈለጋቸው?” አሉ። 

ቀጥሎ ሸለቆው በነፋስ መዘውሮች ተሞልቷል፤ ነጫጭ፣ ረጃጅም፣ በመቶ የሚቆጠሩ። ነፋሱ ዳትሰኔን ከመስመሯ እየገፋ ግማሾቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። ከቆሙት መሐል አንዱ ብቻ ደርሶ ሲዞር ሳይ ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ የሞተ ሰው ስም በሆዴ ይዤ ስለምነዳ ይሆናል።

ሽቅብ

ስምንት ሰዓት ላይ ከተራራው ሥር ደረስን። ዳገቱ ዳትሰኔን አስጨንቋት ውሃዋ እየፈላ ነበር። ታች ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ካፖርት ያንጠለጠልነው እኛ ብቻ ነን። ለሁለታችን ቲኬት ሃያ ዶላር ሰጥቼ ትንሽ ተመለሰልኝ። ቲኬት ቆራጯ ልጅ ገንዘቡን ከመቀበሏ በፊት ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

“ምን ትላለች?” አሉ እትዬ አስካለ።

“ላይ ጭጋግ ነው፣ ምንም አይታይም፣ ሌላ ቀን ብትመጡ ይሻላል ነው የምትለው።”

“አይ፣ ዛሬ ይሻላል” አሉና ቀድመውኝ ገቡ።

መኪናው ዙሪያውን መስታወት የሆነ ትልቅ ሳጥን ነው። ሰማንያ ሰው ይይዛል ይባላል፤ የተሳፈርነው ሰባት ነን፣ ኮፍያ ካደረገው ሽማግሌ ኦፕሬተር ጋር። ከፍታ እንደምፈራ ያወቅኩት መሬቱ ሲለቀን ነው። ገመዱን የተሸከሙት የብረት ማማዎች ጋ በደረስን ቁጥር ሳጥኑ ወደ ፊት ይወረወርና ይወዛወዛል። ብረቱን በሁለት እጄ ሙጭጭ አልኩ። እትዬ አስካለ ግን ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ደግፈው ገደሉን ቁልቁል ያያሉ።

መሐል ላይ ጭጋጉ ውስጥ ገባን። ድንጋዩም፣ ገመዱም፣ ሰማዩም ጠፋ። ከዚያ ከላይ አንድ ብርሃን ብቅ አለ፤ ወራጁ መኪና ነው። መብራቱ በርቷል፣ ውስጡ ማንም የለም። ኦፕሬተሩ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ያለ ድምፅ በአጠገባችን አልፎ ታች ሰመጠ። 

“ባዶውን ይወርዳል እንዴ?” አሉ እትዬ አስካለ ቀስ ብለው።

ላይ

ላይኛው ጣቢያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቁልቁል ሊታይበት የተሠራው ሰገነት ላይ ብንቆም ነጭ ብቻ ነው። እትዬ አስካለን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ “ሻይ ላምጣ” አልኩና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሕዝብ ስልክ ሄድኩ። ከስልክ ላርቃቸው ወጥቼ እኔው ስልክ ፍለጋ።

“አውሮፕላኑ ዘግይቷል” አሉኝ ጋሼ መኮንን። “እስከ ሁለት ሰዓት አቆያቸው። አጠገብህ ናቸው?”

ዞር አልኩ። አግዳሚው ላይ ቦርሳቸው ብቻ አለ።

ስልኩን ሰቀልኩት ወይስ ጣልኩት አላስታውስም። ምግብ ቤቱን፣ ሰገነቱን፣ የሴቶች መጸዳጃ በር ድረስ ፈለግኩ። ከሕንፃው ጀርባ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ መንገድ ወደ ጫካው ይወርዳል፤ በዚያ ወረድኩ። ጥዶቹ አምስት እርምጃ እስክቀርባቸው አይታዩም። እሳቸው ገደል ቢገቡ ለጋሼ መኮንን ምን እላለሁ? ለወንድማቸው ምን እላለሁ? እየጮኽኩ ልጠራቸው አፌን ስከፍት ከጭጋጉ ውስጥ ድምፅ መጣ።

“ጥሩዬ።”

ቆምኩ። በዚህ ተራራ ላይ የዚያን ስም መርዶ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከአፌ አላወጣሁትም።

“ጥሩወርቅ። ጥሩዬ።”

ከግራ ይመጣል ስል ከቀኝ ይመጣል። ከዚያ ቃል መሆኑ ቀረና ረዥም ዋይታ ሆነ፤ ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ከድንጋዩ ተመልሶ ራሱን ይቀበላል። ፀጉሬ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ የሞተችው ሴት ራሷ እህቷን ፍለጋ የመጣች መሰለኝ። የቁርኣኑን አንቀጽ አያተል ኩርሲን ጀመርኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምቀራው መሐሉ ላይ ጠፋብኝ።

ከታች ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ፈጠን ፈጠን እያሉ መጡ። ባልየው “ኮዮቴ ነው መሰለኝ፤ ቀርቧል፣ ወደ ሕንፃው ብትመለስ ይሻልሃል” አለኝ። ኮዮቴ የዚህ አገር ቀበሮ ነው፤ ቀበሮ ሙሾ አያወርድም ልለው ፈልጌ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩለትና አለፉ።

ድምፁ ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። በመጨረሻ ከጥዶቹ መሐል ነጭ ነገር መጣ። እትዬ አስካለ ናቸው። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገታቸው ላይ ነው፣ ለቀስተኛ እንደሚለብሰው። የካፖርታቸው የደረት ቁልፍ ተበጥሷል፣ መዳፋቸው ፍም መስሏል።

አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

“ሻይ አለ እዚህ?” አሉኝ። ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር።

ቁልቁል

ሻዩን ጠጣን። አሥር ተኩል ላይ ስንወርድ ከኦፕሬተሩ ሌላ ሳጥኑ ውስጥ እኛ ብቻ ነን። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፈትተው አቃኑት፤ ጥለቱን ወደ ታች መልሰው በእጃቸው አለሰለሱት።

“ሰይድ።”

“አቤት እትዬ።”

“ሐሙስ ነው የሰማሁት። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ፋብሪካው ድረስ ደወለች። የተነገረኝ መስሏት ‘እግዜር ያጽናሽ’ አለችኝ።”

“ታዲያ ሲሰሙ ምን አደረጉ?”

“ምን አደርጋለሁ? ሱፐርቫይዘሯ ‘ኦኬ?’ አለችኝ፣ ‘ኦኬ’ አልኩ። ተመልሼ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ያ ደብዳቤ አለ። ሁለት ሌሊት ትራስ ነክሼ አደርኩ። አንተ ተራራ ስትለኝ እግዜር ላከልኝ አልኩ።”

አለቀስኩ። እንባዬን ኦፕሬተሩ እንዳያይ ወደ መስታወቱ ዞርኩ።

“አሁን ስማኝ” አሉ። “ነገ እንደ አዲስ ነው የምሰማው። ወንድሜ ይህን መርዶ ከዳላስ ድረስ ተሸክሞት ይመጣል። አውቄያለሁ ብዬ ብነግረው የሚያራግፍበት ያጣል። ሽማግሌዎቹም ደክመዋል። ሰማች እንዳትል፤ አደራ።”

ማማው ጋ ደረስንና ሳጥኑ ተወዛወዘ። እጄን ያዙኝ።

ወደ ቤት

እስከ ከተማው ጥግ ድረስ ተኙ። አንድ ሰዓት ሲሆን ሚራክል ማይል ከሚባለው ሠፈር ደረስንና ነቁ።

“እስከ ስንት ሰዓት አቆያት አሉህ?”

“እስከ ሁለት።”

“እንግዲያው በዊልሽር ጎዳና በኩል ዞር ዞር አድርገኝ፤ ቀድመን ገብተን አናስደንግጣቸው።”

ሚስጥር ጠባቂውና ሚስጥር የሚደበቅባቸው ሴት ተያይዘን ያንን ጎዳና አምስት ጊዜ ዞርነው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አሥራ አምስት ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ወንድምየው መናገር ከብዶት ሦስት ጊዜ ጀምሮ አቆመ፤ በአራተኛው ነገራቸው። እትዬ አስካለ “ወይኔ እህቴ” ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ደረቱ ላይ ወደቁ። ድምፃቸው ግድግዳውን አላለፈም። ይልቅ ወንድምየው አነባ፤ እሳቸው ጀርባውን ይመቱለት ነበር። ጋሼ መኮንን ወጥ ቤት ጎትተውኝ “ጎበዝ ልጅ፣ ቅንጣት ሳይሰሙ አቆየሃቸው” አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ትሕትና መሰላቸው።

ከሰዓት በኋላ ማናጀሩ ደረጃው ላይ አገኘኝ። እንግዳ በዝቶ እንዳየ፣ ግን አንድም ጩኸት እንዳልሰማ ነግሮኝ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ምስጋናውን እንዴት እንደተቀበልኩት አሁንም ያሳፍረኛል።

እትዬ አስካለን አየር አስቀይራለሁ ብዬ ብወጣ፣ አየር የሚያጥረው የት እንደሆነ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሠፈራችን ውስጥ መርዶ ሰምቶ ቤቱ ማልቀስ ያልቻለ ሰው ሲኖር እትዬ አስካለ በሬን ያንኳኳሉ። እኔም ዳትሰኔን ውሃ እሞላለሁ። ለቀስተኛውን ይዘን እላይ ተራራው ስንደርስ አግዳሚው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፣ ሲመለሱ ሻይ እገዛለሁ። ቲኬት ቆራጯ አሁን ታውቀኛለች፤ ላይ ጭጋግ ነው፣ ምንም አይታይም ትለኛለች። ይሻላል እላታለሁ።