የውሻ ቤት የተከራዩ ዶሮዎች

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከትውልድ መንደሩ ከትክል ድንጋይ አምጥቼ ጎንደር፣ እኔ ቤት አስቀመጥኩት። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ ከተማ ሲገባ እጁ የሚነካው ሥራ አጣ። ጠዋት ተነስቶ ከግቢው በር ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ባጃጅ ሲያልፍ ያያል፤ ምሳ ሲደርስ ይገባል፤ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። እኔ ከምሠራበት ፋርማሲ ስመለስ «እንዴት ዋልክ አባ?» እለዋለሁ። «ተመስገን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም።

ይህን ከእኔ እኩል ታይ የነበረችው አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። ቅመም ነጋዴ ነች፤ ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ የኖሩ የጎንደር ሙስሊሞች ናቸው። አንድ ቅዳሜ በአጥሩ በኩል ጠራችኝና «ቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚዛወሩ ሰዎች ዕቃ እየሸጡ ነው፤ እንሂድ» አለችኝ። እሷ የፈለገችው ቁም ሣጥን ነበር። እኔ ምንም አልፈለግኩም፤ ከቤት መውጣቱን ብቻ ነው የወደድኩት።

ቁም ሣጥኑ ቀድሞን ተሸጧል። ባዶ እጃችንን ልንወጣ ስንል ጓሮው ውስጥ ሁለት የውሻ ቤቶች አየን። ከደህና ጣውላ የተሠሩ፣ አረንጓዴ የተቀቡ፣ ቆርቆሯቸው ዝገት ያልነካው። የቤቱ እመቤት አይናችን የት እንዳረፈ ገብቷት «አንደኛው ውሻ ሞተ፤ ሌላውን ለዘበኛችን ሰጠነው። ቤቶቹን ካልወሰዳችሁልኝ ለማገዶ መፈለጣቸው ነው» አለችን።

ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዶሮ አይገባበትም?» አለች።

እናቴ ዶሮ የምታረባ ሴት ነበረች። አባቴም ዶሮዎቿን እየተሳደበ በስውር እህል ይበትንላቸው እንደነበር አውቃለሁ። ሌላ ነገር ማሰብ አላስፈለገኝም። ሁለቱንም ጋሪ ላይ አስጫንን። ከጋሪው ኋላ፣ ሁለት ሴቶች የውሻ ቤት ተከትለን ስንሄድ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ይስቅብን ነበር፤ እኛም አብረን ሳቅን።

አባቴ ጋሪውን ሲያይ ከድንጋዩ ተነሳ።

«ውሻ ልታሳድጊ ነው?»

«አይ አባ፣ ዶሮ ላረባበት ነው።»

«ምነው ልጄ? ዶሮ በውሻ ቤት? ትክል ድንጋይ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

«አያ፣ ማን ይነግራቸዋል?» አለች ጎረቤቴ።

«እኔው እነግራቸዋለሁ እንጂ። እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ ዝም ልል ነው?»

ሦስታችንም ሳቅን። አባቴ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜው ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ነጠላውን አስቀመጠና መጋዝ እንድፈልግለት ጠየቀኝ። ጎረቤቴ ከባሏ ዕቃ መሐል መጋዝና መዶሻ አምጥታ በአጥሩ አቀበለችን። አባቴ መጀመሪያ ቤቶቹን በፈላ ውሃና በአመድ አሳጠበኝ፤ የውሻ ቁንጫ ዶሮ ይጨርሳል አለ። ፀሐይ ላይ ካደረቅናቸው በኋላ አንደኛውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በአራት እግር አቆመው። ሰፊውን በር በጣውላ አጥብቦ ለዶሮ የሚበቃ ቀዳዳ ብቻ ተወለት። ከጎን በኩል አየር እንዲገባ ቆርጦ በወንፊት ሽቦ ሸፈነው። ውስጡ ወፍራም እንጨት አጋድሞ ቆጥ ሠራ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ጭድ የተነጠፈበት የእንቁላል መጣያ ሣጥን አስቀመጠ። ጣሪያውን በማጠፊያ አያይዞ እንደ ሣጥን ክዳን የሚከፈት ሲያደርገው ግን የራሱ ሥራ ራሱን አስደነቀው። ይከፍተዋል፤ ይዘጋዋል፤ ደግሞ ይከፍተዋል።

«ሸጋ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰውም ይኖርበታል።»

ዶሮዎቹን የሚያመጣው እሱ ራሱ መሆኑን ነገረኝ። ትክል ድንጋይ ሄዶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ቄቦችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይዞ ተመለሰ። ወሬውንም እንዳለው ነግሯቸው መጥቷል።

ዶሮዎቹ ግን ቤቱን አልወደዱትም። ያን ሁሉ አጥበን የውሻው ሽታ ቀርቶበት እንደሁ እንጃ፣ በሩ ድረስ ይሄዱና ይመለሳሉ። ሲመሽ ልብስ ማስጫዬ ገመድ ላይ ተደርድረው ተንጠለጠሉ። አባቴ አልተናደደም። በየምሽቱ አንድ በአንድ እየለቀመ ቆጡ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ጠዋት በቆሎውን ውስጥ ይበትንላቸዋል። ሲሠራ ሁሉ ያወራቸዋል። ከወጥ ቤት ሆኜ ድምፁን ስሰማ እኔን ያላናገረኝን ያህል ለነሱ ሲያወራ ትንሽ ቀናሁ። ሳምንት ሳይሞላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በራሳቸው ተሰልፈው መግባት ጀመሩ።

ከዚያ ውሻው መጣ።

እሑድ ከሰዓት ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አንድ ትልቅ፣ አፉ የሸበተ ውሻ ዘው ብሎ ገባ። ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ። ውሻው ማንንም አላየም። ቀጥ ብሎ ወደ አረንጓዴው ቤት ሄደና አሸተተው፤ ጅራቱን ቆላ። በጠበበው በር ጭንቅላቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ሲያቅተው ከቤቱ ሥር፣ አባቴ በሠራቸው እግሮች መሐል፣ ጥላው ላይ ተዘረጋ።

አባቴ በትሩን ይዞ ቆሟል።

«ምን ትጠብቃለህ አባ? አባረው እንጂ» አልኩት።

«ቤቱን ቀምተን ደግሞ እንምታው? የሱ ነው እኮ። እኛ ተከራይ ነን።»

ሲመሽ ውሻው የተሰጠው ያ ዘበኛ እያፈላለገ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ ወሰደው። በማግስቱ ውሻው ተመልሶ መጣ። ዘበኛው ቢቸግረው «እናንተን ከመረጠ እዚሁ ይዋል፤ ማታ እወስደዋለሁ» አለ። ዶሮዎቹም ለመዱት፤ አውራው ዶሮ ጀርባው ላይ ወጥቶ እስኪጮህ ድረስ።

አባቴ ሁለተኛውን ቤት ለጎረቤቴ ሠራላት፤ እሷም ዶሮ ገዝታ አስገባችበት። ከዚያ የሰፈሩ ሰው የቆየ ሣጥንና ኮምፔንሳቶ እየያዘ ይመጣ ጀመር። «አያ አሉ?» የሚል ድምፅ ከበራችን ጠፍቶ አያውቅም። በሩ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ጣውላ መቁረጥ እንጂ መቀመጥ ቀረ።

በኋላ የእኛ ጾም ተፈቶ ጎረቤቴ ቁርስ ጠራችን። በእኛ አገር እኛ የእነሱን ሥጋ፣ እነሱም የእኛን አንበላም፤ በድግስ ቀን ጎን ለጎን ኖረን ማዕዱ ይለየናል። አባቴም በሯ ላይ ሲደርስ እንዳያስቀይማት ሰግቶ ቆም አለ።

«ይግቡ አያ» አለችው። «ያቀረብኩት እንቁላል ነው። አንቱ ከሠሩት ቤት የወጣ። እንቁላል ደግሞ የሁላችንም ነው።»

በቃሪያና በሽንኩርት የተጠበሰው እንቁላል ትሪ ሙሉ ቀረበ። አባቴ አማተበ፤ እሷም ቢስሚላህ አለች፤ ከአንድ ትሪ በላን። ጥግብ ሲል እጁን ጠረገና «ነገ ሰፋ ያለ ቆጥ እሠራልሻለሁ፤ የአንቺዎቹ ወፍረዋል» አላት።

«የአንቱዎቹስ አያ?»

«የኔዎቹማ» አለ አባቴ እየሳቀ፣ «ከእኔ ጋር ሲያወሩ እየዋሉ መብላት ረሱ።»