የሽታው ጾም

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ዘይት የነካውን ቲሸርት ኬሚካል እየረጨሁ አጸዳ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም። ሽታው እንደ ጥፍር ቀለም ነው። እስከ ምሳ ራስ ያዞራል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ያለ ምክንያት ያስቃል። አብራኝ የምትረጨው ጓደኛዬ ግን መሳቋን ትታለች። ጣቶቿ ደንዝዘው የጋዋኗን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነበርኩ። የእኔም ጣቶች እንዳይደነዝዙ እየፈራሁ በጥርሴ ነከስ አድርጌ እሞክራቸው ጀመር።

ማስክ የለም፤ ወተት አለ። ወተት መርዝ ያጥባል ይባላል። ሱፐርቫይዘሩ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ አንዳንድ ብርጭቆ ያጠጣናል። ሳይጠጡ መግባት ክልክል ነው።

ሑዳዴ ገባ።

«ጠጡ» አለን እንደ ወትሮው።

«ወይለይ! በጾም ወተት?» አለች ጓደኛዬ። «ንስሐውን አንተ ልትገባልን ነው?»

«ታዲያ የንስሐ አባቶቻችሁን አስፈቅዱ። መድኃኒት ነው በሏቸው።»

የእሷ የንስሐ አባት፣ መድኃኒት ከሆነስ ብለው ፈቀዱላት። እኔም ሓድነት ሰፈር ወደሚኖሩት የንስሐ አባቴ ሄጄ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነገርኳቸው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ታመሻል እንዴ?»

«አይ አባ፣ እንዳልታመም ነው።»

«ምን እንዳያሳምምሽ?»

«ሽታው።»

«ታዲያ ወተቱ ምን አጠፋ? ሽታውን ጹሚ።»

ይህንን ለሱፐርቫይዘሩ ጫማ ጫማውን እያየሁ ነገርኩት። ራሴን አመመኝ ስለው «ውሃ ጠጪ» ይለኝ የነበረ ሰው፣ ጾም ሲባል ኮፍያውን አወለቀ። ክር ከሚቆርጡት ጋር አስቀመጠኝ። «እስከ ፋሲካ ብቻ» አለ።

ፋሲካ አልፎ ሥራ ስንገባ ብርጭቆውን ራሱ ይዞልኝ መጣ። «በይ፣ ጾሙ ተፈታ።»

ጠጣሁት። ወተት እወዳለሁ። መቀሱን ግን አላስቀመጥኩም።

«ግቢ እንጂ!»

«የተፈታው የወተቱ ነው፤ የሽታው አልተፈታም» አልኩ። ድምፄን እምብዛም ስለማያውቀው የተናገረውን ሰው ከኋላዬ ፈለገ።

«የሽታው መቼ ነው የሚፈታው?»

«ማስክ ሲመጣ።»

ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ብርጭቆዋን እሱኑ አስይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

ማስክ አልመጣም። ዘይት የነካው ቲሸርት እስከ መስኮቱ ተከመረ። ሱፐርቫይዘሩ ወተቱን ጠጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ገባ። ሳምንቱ ሳያልቅ ዓይኖቹ ቀልተው፣ ግድግዳውን ይዞ ወጣና ጠረጴዛችን ጋ ቆመ።

«እህቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «አባ አዲስ የንስሐ ልጅ ይቀበላሉ?»